እሬትና ተልባ፦ ጄል ስትሠሩ የምትሳሳቱት

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሠልጣኝ ፌስታል ሙሉ ቅጠል ተሸክማ መጣች። «እትዬ፣ ዛሬ እሬት መግዛት የለም፤ ከሰፈራችን አጥር ሥር በነፃ ቆርጬ አመጣሁ» አለችኝ፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል። ፌስታሉን ስከፍተው ቃጫ ነው። ክንዷን አየሁት። ከእጇ አንጓ እስከ ክርኗ ቀያይ ነጠብጣብ አውጥቷል፤ እያወራችኝም ሳይታወቃት ታከዋለች።

ቃጫ ሲመጣብኝ ይህ አራተኛው ነው። እሬትና ተልባ እያጠለልሁ የፊትና የጠጉር ጄል ስሠራ፣ ሌሎችንም ሳሠለጥን 11 ዓመት ሆነኝ። የሚደጋገሙት ስህተቶች ጥቂት ናቸው፤ ከመካከላቸው የራሴም አሉበት።

ቃጫን እሬት ማለት

ሁለቱም ቅጠላቸው ወፍራም ነው፣ ሁለቱም ዳር ዳራቸው እሾህ አለው፣ ሁለቱንም ድርቅ አይበግራቸውም። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። የቃጫ ቅጠል ጫፉ ላይ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ጠቆር ያለ እሾህ አለው፤ ሲሰነጠቅ የሚወጣውም ገመድ የሚገመድበት ጭረት ነው። እሬት ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ እንደ እንቁላል ውሃ የጠራ ዝልግልግ ነው። የአጥር ቃጫ ጭማቂ ውስጥ በዓይን የማይታዩ መርፌ መሰል የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ ቆዳን ይወጋሉ፣ ያቃጥላሉ። ልጅቷን በሳሙናና በብዙ ውሃ አሳጠብኋት፤ ቅጠሉን የቆረጠችበትን ቢላም እንዲሁ።

የዱር እሬት ሁሉ አንድ ነው ማለት

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹም ከዚህ አካባቢ ውጪ አይበቅሉም። መዋቢያ ላይ ስሙ የሚጠራው አሎቬራ ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ ጭራሽ ሌላ ዝርያ ነው። ከዱር እሬቶች መካከል መርዛማ የሆኑ ስላሉ፣ የማታውቁትን ከገደል ቆርጣችሁ ፊታችሁን አትቀቡ። ደግሞም የዱር እሬት ድንበር ተሻግሮ እንዲሸጥና እንዲጓጓዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ ከዚህ ነፃ የሆነው አሎቬራ ነው። ዋሽንግተን ላለች እህታችሁ ብላችሁ የተነቀለ የተራራ እሬት ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ቢጫውን ሳያስወጡ መፍጨት

«እንደ እሬት መረረኝ» የምንለው ይህን ቢጫ ፈሳሽ ነው። ጡት ለማስጣል እናቶች የሚቀቡትም እርሱን ነው። ከልጣጩ ሥር ይቀመጣል፤ ሲጠጣ ሆድ ያስቀምጣል፤ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፤ የነካው ነጠላም እድፉ አይለቅም። ቅጠሉን ከታች ከግንዱ ሥር ቁረጡና የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ አቁሙት። 15 ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ ታጥቦ ይላጣል፤ የወጣው ዝልግልግም እንደገና ይታጠባል። ቢጫ ጥላ ከቀረበት አልጸዳም ማለት ነው። ቸኩለው ከነልጣጩ መፍጫ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ ለእነርሱ የምለው የለኝም።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይበላሽም»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ወተትም ተፈጥሯዊ ነው። ሥጋም ተፈጥሯዊ ነው። የእሬት ጄል ከ100 እጅ 98ቱ ወይም 99ኙ ውሃ ነው፤ የቀረው ስኳርነት ያላቸው ነገሮችና ጥቂት ማዕድን ናቸው። ለባክቴሪያና ለሻጋታ ከዚህ የተሻለ ድግስ ማን ይደግሳል? የተልባውም ያው ነው። እናንተ ይህን ድግስ በሚያምር ብልቃጥ ሞልታችሁ፣ በየቀኑ ጣት እየነከራችሁበት፣ መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ታስቀምጡና በወሩ «ፊቴ ሽፍታ አወጣ፤ እሬት አይስማማኝም» ትላላችሁ። የማይስማማችሁ እሬቱ ላይሆን ይችላል፤ የበሰበሰውን ነው የቀባችሁት።

«ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ» ይሉኛል። ቫይታሚን ኢ የዘይት ሽታ ቶሎ እንዳይለወጥ ያዘገያል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም። «ማር ጨምሬበታለሁ»፤ አንድ ማንኪያ ማር በውሃ ሲቀጥን ለጠጅ ጥንስስ ይሆናል። «ውሃውን አፍልቼዋለሁ»፤ ጣታችሁንስ?

እኔም ከዚህ አልዳንሁም። ሥራውን በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ለጎረቤቴ ልጅ ሠርግ 12 ብልቃጥ የተልባ ጄል ሠርቼ ለሚዜዎቹ ሰጠሁ። ባክቴሪያና ሻጋታ የሚከላከል ማቆያ አልጨመርሁበትም፤ «ንጹሕ ተልባ» ብዬ በእጄ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። በዘጠነኛው ቀን አንደኛዋ ሚዜ ብልቃጡን ስትከፍተው ክዳኑ ጧ ብሎ ዘለለ፤ ሽታው የከረመ አተላ። ሌላዋ ሽታውን ሳታስተውል ለዓይኗ ዙሪያ ትቀባው ኖሮ የዓይኗ ሽፋን አብጦ ሐኪም ቤት ሄደች። የሙሽራዋ እናት አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ግን ዐቢይ ጾም ገብቶ ፋሲካ እስኪያልፍ ቡና ጠጪ ብላ አልጠራችኝም።

ለራሳችሁ ከሆነ በትንሹ ሥሩ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣችሁ በሳምንት ጨርሱት፤ የተረፈውን በበረዶ መሥሪያው አቀዝቅዙና አንድ አንዱን አውጡ። ለሽያጭ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ማቆያው በሚዛን እንጂ በማንኪያ አይለካም። በርካሽ የሚገኙት ሶርቤትና ቤንዞኤት የሚባሉት ደግሞ የሚሠሩት ጄሉ በቂ አሲድነት ሲኖረው ብቻ ነው፤ እሬት በተፈጥሮው ወደ አሲድ ያደላል፣ ተልባ ግን አይደለም። ለእሬት የሠራላችሁን ሳትለኩ ለተልባ አትገልብጡ፤ አሲድነት የሚለካበት የፒኤች ወረቀት ይኑራችሁ። ፈቃዱን በተመለከተ፣ መዋቢያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሆኑን አትርሱ።

የታመሰ ተልባ

ተልባ ስንል እጃችን ወደ ምጣድና ወደ ሙቀጫ ይሄዳል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ለተረቱ ይሁን፤ ለጄል ሙቀጫውን ተዉት። የሚያዝለገልገው ነገር ያለው በፍሬው ልጣጭ ላይ ስለሆነ የሚፈለገው ያልታመሰ፣ ያልተወቀጠ ድፍን ፍሬ ነው። የተወቀጠው የሚሰጣችሁ አጥሚት ነው። አንድ ሲኒ ተልባ በስምንት ሲኒ ውሃ እያማሰላችሁ ቀቅሉና፣ ማማሰያውን ስታነሱት እንደ ንፍጥ ሲጎተት (ይቅርታ፣ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም) ወዲያው በትኩስነቱ በሴት ስቶኪንግ አጥልሉት። ይቀዝቅዝልኝ ያለ ሰው ፍሬውንና ጄሉን የሚለየው የለም። አንድ ጊዜ ስልክ አውርቼ ስመለስ ድስቱ በሙሉ አንድ እብጥ ሆኖ ጠበቀኝ።

ጤና አዳምና ሎሚ መጨመር

ለሽታው ነው ይላሉ። ጤና አዳም የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድንም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የከፍታ ፀሐይ አይምርም። ማድያት ለማጥፋት ብላ ጤና አዳም የተቀባች ሴት ከማድያቷ የባሰ ነገር አትርፋ አይቻለሁ።

ትንንሾቹ

ጄል ብቻውን ቀብቶ መተው፦ ውሃው ሲተን ፊት ይጨመደዳል፤ እርጥብ ሳለ ስስ ቫዝሊን ወይም ዘይት ይደረብበት። አረንጓዴ ጄል ንጹሕ እሬት ነው ብሎ መግዛት፦ የእሬት ውስጡ ቀለም የለውም፤ አረንጓዴው ማቅለሚያ ነው። እሬት ፀሐይ ይከላከላል ማለት፦ አይከላከልም። ድስት ላቃጠለው እጅ ወደ እሬት መሮጥ፦ መጀመሪያ 20 ደቂቃ የቧንቧ ውሃ፤ ከተላጠ ወይም ሰፊ ከሆነ ጤና ጣቢያ።

ሳይሞክሩ ፊት መቀባት

አዲስ ነገር ሁሉ ከክንድ በውስጥ በኩል ትንሽ ይቀባና አንድ ቀን ሙሉ ይጠበቃል፤ ሁለት ቀን ቢሆን ይሻላል። ሠልጣኞቼ ይህን ስነግራቸው ይሰለቻሉ። የቅዳሜዋ ልጅ እንኳ ክንዷን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ተቀምጣ ሳለ፣ ቃጫውን ቤቷ ፈጭታ ለፊቷ ልትሞክረው አስባ እንደነበር ነገረችኝ፤ የቀረችው መፍጫው መብራት ስላጣ ነው።