የሐረሯን ትንሽ በቀቀን ስንለይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐረር ዙሪያ ባሉ ዋርካዎችና ሾላዎች ላይ ፍሬ ስትለቅም የምትታየው ትንሽ አረንጓዴ ወፍ፣ በተፈጥሮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማትገኘው ባለ ጥቁር ክንፍ በቀቀን ናት፤ በሳይንሳዊ ስሟ አጋፖርኒስ ታራንታ ትባላለች። እንዲህ ያለች ወፍ በደጃችን እያለች በስህተት ስም መጠራቷ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት ግንባሯ ቀይ ያልሆነችውን ሌላ ዝርያ አድርጎ መመዝገብ ነው። ቀይ ግንባርና በዓይኑ ዙሪያ ቀይ ቀለበት ያለው የጎለመሰው ወንድ ብቻ ሲሆን፣ የእንስቷ ፊት ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ገና ያልጎለመሱት ወንዶችም ቢሆኑ ግንባራቸው ቀይ ስላልሆነ በፊታቸው እናታቸውን ይመስላሉ። ስለዚህ ከግንባሩ አስቀድሞ፣ በጎለመሱት ሁለቱም ጾታዎች ላይ የሚገኘውን ቀይ ምንቃርና ጫፉ አጠገብ ጥቁር መስመር ያለበትን አጭር ጅራት ማየት ይገባል። ጥንዶቹ ጎን ለጎን ተጠግተው ሲቀመጡ ካገኘናቸው ጥርጣሬው ወዲያው ይወገዳል።

ከቆላዋ ዘመዷ ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም የሚኖሩባቸው ወፎች ይለያያሉ። በቆላው የግራር ቁጥቋጦ ውስጥ የምትኖረው ባለ ብርቱካናማ ሆድ በቀቀን 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ስትረዝም፣ የሐረሯ ግን 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ናት። የቆላዋ ስም ቢያሳስትም ብርቱካናማ ሆድ ያለው ወንዱ ነው፤ የእንስቷ ሆድ አረንጓዴ በመሆኑ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጀርባዋ ቡናማ መሆኑንና ምንቃሯ መጥቆሩን ያስተዋለ ግን አይሳሳትም።

አረንጓዴ ወፍን በአረንጓዴ ቅጠል መካከል በዓይን ብቻ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከዛፉ ሥር ዝም ብሎ ቆሞ የሚረግፈውን የፍሬ ፍርፋሪ መመልከትና ስትበር የምታሰማውን ቀጭን ጩኸት ማዳመጥ ይሻላል።

ጣፋጭ ፍሬ ብቻ ትበላለች ብሎ ማሰብም ትክክል አይደለም፤ የጽድ ፍሬና ልዩ ልዩ ዘሮችም ምግቧ ስለሆኑ፣ ሾላው ፍሬ ባላፈራበት ወቅት ወደ ጽዱ መሄድ ያስፈልጋል።

እጅግ የሚጎዳት ስህተት ግን የዛፍ ቀዳዳዋን መነካካት ነው። ቀዳዳው ጫጩቶቿን የምትፈለፍልበት ብቻ ሳይሆን፣ ከመራቢያ ጊዜ ውጭም በትንሽ ቡድን ሆና የምታድርበት ቤቷ ነው፤ ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወውን ቀዳዳም ትጠቀምበታለች። ጫጩት ለማውጣት እጅ መስደድ ወይም ውስጡ ባዶ የሆነን ያረጀ ዛፍ «አይጠቅምም» ብሎ መቁረጥ መኖሪያዋን ያሳጣታል። ሊያያት የሚፈልግ ሰው የርቀት መነጽር ይዞ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ከዛፉ ራቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ ወደ ማደሪያዋ ስትመለስ ሳይረብሻት ያገኛታል።