የውጭ ላይብረሪ በተለያዩ ሲስተሞች ላይ ኮምፓይል ሲደረግ የሚመጡ ማስጠንቀቂያዎች አያያዝ

ሊኑክስ ላይ በጂሲሲ ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚለውጥ ፕሮግራም) ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል የተደረገ፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ (ሌሎች ያዘጋጁት የኮድ ስብስብ)፣ ዊንዶውስ ላይ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ሲሞከር ስክሪኑን የሚሞላ ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። ኮዱ የእኛ ስላልሆነ ማስጠንቀቂያውን በጅምላ አጥፍቶ ማለፍ ይቀናናል። እኔ ግን ይህን አካሄድ አልደግፍም፤ አንዱ ሲስተም ላይ ታይቶ ሌላው ላይ የማይታይ ማስጠንቀቂያ፣ ኮዱ ከሁለቱ በአንዱ ላይ በትክክል እንደማይሠራ የሚጠቁምበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ የራስን ኮድ ከውጭው መለየት ያስፈልጋል። የላይብረሪው ሄደር ፋይሎች (የፈንክሽኖቹን መግለጫ የያዙት) ያሉበትን ፎልደር ለጂሲሲ ወይም ክላንግ ለተባለው ሌላ ኮምፓይለር ስንጠቁም በተለመደው ኦፕሽን ፋንታ «አይሲስተም» የሚባለውን ብንጠቀም፣ ከእነዚያ ፋይሎች የሚነሱ ማስጠንቀቂያዎች ከእኛዎቹ ጋር አይደባለቁም። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለርም ለዚሁ ሥራ «ኤክስተርናል» የተባሉ ኦፕሽኖች አሉት። ሲሜክ በተባለው የፕሮጀክት መገንቢያ መሣሪያ የሚሠራ ሰው የሄደር ፎልደሩን በሚጠቅስበት ትእዛዝ ላይ «ሲስተም» የሚለውን ቃል ይጨምር፤ ከሲሜክ ቨርዥን 3.25 ወዲህ ደግሞ ላይብረሪውን ከነፎልደሩ ወደ ፕሮጀክቱ ሲያስገባ በዚሁ ቃል ምልክት ሊያደርግበት ይችላል።

ማስጠንቀቂያን ወደ ስህተት የሚለውጠው «ደብልዩ ኤረር» ለራሳችን ኮድ ብቻ ይሁን። አዲስ የኮምፓይለር ቨርዥን አዳዲስ ማስጠንቀቂያዎችን ይዞ ስለሚመጣ፣ ማንም ያልነካው የውጭ ኮድ ኮምፓይለሩ በታደሰ ማግስት አልገነባ ሊል ይችላል። በአንጻሩ ችላ የተባለ ማስጠንቀቂያም ጊዜውን ጠብቆ ችግር ያመጣል፤ በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14 በሲ ኮድ ውስጥ ሳይታወጅ የተጠራን ፈንክሽን ከማስጠንቀቂያነት ወደ ስህተትነት ስላሳደገው፣ ብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች ሳይታረሙ ኮምፓይል የማይሆኑ ሆነዋል።

ተለይቶ የቀረውን የውጭ ኮድ ማስጠንቀቂያ ስናነብ በቅድሚያ የቁጥር ስፋትን የሚመለከቱትን እንፈልግ። ለምሳሌ አንድ ላይብረሪ የፋይልን መጠን «ሎንግ» በሚባለው ዓይነት ይዞ ይሆናል። ይህ ዓይነት 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ባይት ሲሆን 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ ፋይሉ ከ2,147,483,647 ባይት ሲበልጥ ዊንዶውስ ላይ የሚያዘው ቁጥር የተበላሸ ይሆናል። ጂሲሲ ሊኑክስ ላይ ዝም የሚለው ስህተት ስለሌለበት ነው፤ የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር በቁጥር 4244 የሚያስጠነቅቀው ደግሞ እውነቱን ነው። ማረሚያው ስፋቱ በየትኛውም ሲስተም ላይ የማይለወጥ ባለ 64 ቢት ዓይነት መጠቀም ነው። «ቻር» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ኔጌቲቭ ቁጥር ሲይዝ፣ በአርም ሊኑክስ ላይ ግን አይዝም። ስለዚህ ከፋይል የተነበበን ፊደል «ቻር» ውስጥ አስቀምጦ የፋይሉን ማብቂያ ከሚያመለክተው ኔጌቲቭ 1 ጋር የሚያነጻጽር ሉፕ አርም ላይ ፈጽሞ አይቆምም።

እንዲህ ያለውን ስህተት በትንሽ ፓች (ለውጡን ብቻ በያዘ ፋይል) አርሞ፣ ፓቹን ከላይብረሪው ኮድ ለይቶ ማስቀመጥና ለላይብረሪው ባለቤቶችም መላክ ይገባል። ጉዳት የሌለው መሆኑ የተረጋገጠውን ማስጠንቀቂያ ደግሞ በስሙ ወይም በቁጥሩ ለይተን፣ ለዚያ ላይብረሪ ብቻ እናጥፋው፤ ምክንያቱንም በኮሜንት እንጻፍ። የሚጠፉት ዝርዝር ለየኮምፓይለሩ የተለየ ይሁን፤ ጂሲሲ የማያውቀውን የማጥፊያ ስም አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ ሲያልፈው ክላንግ ግን በዚያው ላይ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይጨምራል። የላይብረሪው አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ዝርዝሩን ባዶ አድርጎ እንደገና ኮምፓይል ማድረግና አሁንም የሚያስፈልገውን ብቻ መመለስ ነው።