የማህበረሰብ መሬት ትረስት ስራውን ራሱ እንዲችለው እንዴት እናግዝ

ለማታውቁት ባጭሩ፣ ኮሚኒቲ ላንድ ትረስት ማለት መሬቱን ለትርፍ ያልቆመ የነዋሪዎች ድርጅት ይዞ ቤቱን ብቻ ለቤተሰብ ሚሸጥበት አሰራር ነው። ለመሬቱ ብዙ ጊዜ የ99 ዓመት ሊዝ ይፈራረማሉ፣ ቤተሰቡ ቤቱን መልሶ ሲሸጥ ደሞ ዋጋው ሊዙ ላይ በተፃፈው ፎርሙላ ነው ሚወሰነው፣ ስለዚ ቀጣዩም ገዢ ይችለዋል። ሀሳቡ እንዲ ቀላል ነው፣ ስራው ግን ብዙ ሞያ ይፈልጋል።

ለማገዝ ስትሄዱ በስልጠና አትጀምሩ። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ ሊዙን ለገዢ ሚያስረዳው ማነው፣ ከባንክ ጋር ሚነጋገረውስ፣ ውዝፍ ያለበት ሰው ጋር ሚደውለው፣ ቤት ሲሸጥ ሂሳቡን ሚሰራው? ብዙ ቦታ መልሱ የአንድ ሰው ስም ነው፣ ያ ሰው የለቀቀ ቀን እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚ ለእያንዳንዱ ስራ ሁለተኛ ሰው እንዲመድቡ አድርጉ፣ ያኔ ነው ስልጠናው ለማን እንደሆነ ሚታወቀው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት ምለው የመልሶ መሸጫ ሂሳቡን ነው፣ ምክንያቱም ሰው ትረስቱን ማመን ሚያቆመው እዚ ጋ ነው። ቦርዱን ሰብስቡና ያለ ኤክሴል በእስክሪብቶ አሰሯቸው። ለምሳሌ ሲገዛ የቤቱ ግምት 200 ሺህ ነበር እንበል፣ ቤተሰቡ በድጎማ 140 ሺህ ከፈለ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ግምቱ 280 ሺህ ገባ። ፎርሙላው ከጭማሪው 25 በመቶ ለባለቤቱ ሚል ከሆነ (አሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ውስጥ በርሊንግተን ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው፣ አሁን ቻምፕሌን ሃውሲንግ ትረስት ሚባለው በዚ ነው ሚታወቀው) ጭማሪው 80 ሺህ፣ የሱ ድርሻ 20 ሺህ፣ መሸጫው 160 ሺህ ይሆናል ማለት ነው። እዚ ላይ እንዳታቆሙ። ግምቱ ወደ 180 ሺህ ቢወርድስ? ሰውየው ኪችኑን በራሱ ገንዘብ አሳድሶ ቢሆንስ? የባንክ ወለድ ከመጨመሩ የተነሳ 160 ሺውም ለቀጣዩ ገዢ ቢከብደውስ? ቦርዱ ተጨቃጭቆ መልሱን ቀድሞ ይፃፈው፣ ሻጩ ፊታቸው ተቀምጦ እያለ ሚወሰን ነገር አይደለም።

ሊዝ ማስረዳትን ደሞ እርስ በርስ ያለማምዱት፣ አንዱ ገዢ ሆኖ ይቀመጥ። መፈተኛው ሰሚው "ስሸጥ ስንት ይደርሰኛል" ሚለውን በራሱ አፍ መልሶ ማስረዳት መቻሉ ነው፣ ካልቻለ አስረጂው ገና ነው። ገዢው ከመፈረሙ በፊት የራሱን ጠበቃ ማማከር አለበት፣ ይሄን እንዳይዘሉት።

የተለመደው ቦርድ በሦስት ይከፈላል፣ ሲሶው በቤቶቹ ሚኖሩ፣ ሲሶው የሰፈሩ ሰዎች፣ ሲሶው ባለሞያና የህዝብ ጥቅም ተወካይ። ነዋሪዎቹ የሂሳብ ሪፖርት ማንበብ ካልተማሩ ግን ባለሞያዎቹ ብቻ ያወራሉ እነሱ እጅ ያወጣሉ፣ እኔን በጣም ሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሪፖርቱን ከሳምንት በፊት ስጧቸው፣ ከስብሰባው በፊት አንድ ሰዓት አብራችሁ አንብቡት።

ስለ ብድር ስታስተምሩ ኒው ኮሚኒቲስን አንሱ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ የሲቪል መብት ታጋዮች የመሰረቱት የመጀመሪያው ትረስት ነው፣ ወደ 5,700 ኤከር መሬት ነበረው፣ ድርቅ መጣ፣ የመንግስት ብድር ላይ በዘራቸው ተበደሉ፣ በ1985 መሬቱ በእዳ ሄደ። ችሎታ አጥተው አይደለም። ስለዚ መጠባበቂያ ገንዘብ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ ይያዝ፣ የባንክ ውሉ ላይም ባንኩ ቤት ሐራጅ ከማውጣቱ በፊት ለትረስቱ እንዲያሳውቅና ትረስቱ ቀድሞ እዳውን መክፈል ወይ ቤቱን መግዛት እንዲችል ይፃፍ፣ ይሄን ከባንክ ጋር መደራደር ራሱ ሚለመድ ሞያ ነው።

የመጀመሪያውን ሽያጭ አብራችሁ ስሩ፣ ሁለተኛውን እነሱ ይስሩት እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሦስተኛው ላይ ስልክ ብቻ ይኑራችሁ።