ፖሊስ ኩዌስትን ዛሬ እንዴት እንጫወተው? ሽጉጡን ሳትረሱ!

ፖሊስ ኩዌስት የሚባለውን የድሮ የኮምፒውተር ጌም መጀመሪያ ስከፍት ተኩስ ነበር የጠበቅኩት። የፓትሮል መኪናዬ ውስጥ ዘልዬ ገብቼ ነዳሁ። ብዙም ሳልርቅ ጎማው ተነፈሰ፣ ጌሙም አለቀ። ለካ ከመንዳቴ በፊት መኪናውን ዙሪያውን ዞሬ መፈተሽ ነበረብኝ።

ነገሩ የገባኝ የሠራውን ሰው ሳውቅ ነው። ጂም ዎልስ የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ፖሊስ ነበር። ሲየራ ኦንላይን ከሚባለው የጌም ኩባንያ ጋር ጌሙን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሊተን በምትባል የፈጠራ ከተማ ሶኒ ቦንድስ የሚባል ፖሊስ ትሆናላችሁ። ጌሙ የሚፈትነው ተኩሳችሁን አይደለም፤ ደንብ ማክበራችሁን ነው።

በመጀመሪያ ቅጂውን ምረጡ። የ1987ቱ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ እያሰባችሁ በኪቦርድ የምትጽፉበት ነው። በ1992 እንደገና የተሠራው ግን በማውስ ነው። ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል። እኔ በአሮጌው ጀምሬ ግማሹን ጊዜ ከፊደል ግድፈት ጋር ስጣላ አሳለፍኩ።

ጎግ የሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ አራቱን ክፍሎች በአንድ ጥቅል ይሸጣል። የውጭ ካርድ ከሌላችሁ፣ ውጭ ያለ ዘመድ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ከዚያ የድሮ ጌሞችን በዛሬ መሣሪያ ላይ የሚያስኬደውን ስካምቪኤም የሚባል ፕሮግራም አውርዱ። ነጻ ነው፤ ኮምፒውተር ላይም አንድሮይድ ስልክ ላይም ይሠራል። ጌም መጨመሪያውን ተጫኑና የጌሙን ፎልደር አሳዩት። ፕሮግራሙ «ምንም ጌም አላገኘሁም» ካላችሁ የተሳሳተ ፎልደር መርጣችኋል ማለት ነው። ሪሶርስ ማፕ የሚለው ፋይል ያለበትን ፈልጉ።

አይከኖቹ ማውሱን ወደ ስክሪኑ የላይኛው ጫፍ ስትወስዱት ይመጣሉ፦ መራመጃ፣ ማያ፣ እጅ፣ መነጋገሪያ። በቀኝ ክሊክ ይቀያየራሉ። በትንሽ ስልክ ስክሪን ግን አይመከርም፤ ጣት ወፍራም ነው።

ማኑዋሉን አንብቡ። አዎ፣ ማንም ማኑዋል አያነብም፤ እዚህ ግን የጨዋታው ግማሽ ነው። የሬዲዮ ኮዱም የአሠራር ደንቡም ያለው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ፣ ሰው ይዞ እስር ቤት ማድረስ። መጀመሪያ ካቴና፣ ቀጥሎ ፍተሻ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። እስር ቤቱ በር ላይ ስትደርሱ ሽጉጣችሁን ውጭ ያለው ሎከር ውስጥ ቆልፉ። ይዛችሁ ከገባችሁ መጨረሻችሁ ነው። ገብታችሁ እስረኛውን አስረክቡ፣ ካቴናችሁን ተቀበሉ። ስትወጡ ደግሞ ሽጉጡን መልሳችሁ ውሰዱ።

ይቺን የመጨረሻዋን እኔ ረሳኋት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ መንገዴን ቀጠልኩ። ብዙ ቆይቶ ሽጉጥ ሲያስፈልገኝ ወገቤ ባዶ! የነበረኝ ሴቭ ደግሞ አንድ ብቻ፣ እሱም ከስህተቱ በኋላ። ሁሉንም ከሀ ጀመርኩ። ስለዚህ አንዱን ሴቭ በሌላው ላይ አትደርቡ። እያንዳንዱን በራሱ ስም አስቀምጡ፤ እኔ አሁን «ሽጉጥ አለ» እያልኩ ነው የምጽፈው።

መፍትሔውን ከኢንተርኔት ማየት ነውር አይደለም፣ ግን የመጀመሪያውን ፈረቃ ብቻችሁን ሞክሩ። መሞቱ ራሱ ያስቃል፤ ጌሙ ጥፋታችሁን ይነግራችኋል።

ወደ መጨረሻው ሶኒ በሆቴል ውስጥ ማንነቱን ደብቆ ፖከር ይጫወታል። እዚያ የፖሊስ ደንብ አይረዳም፣ ዕድል ነው። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ሴቭ አድርጉ፤ ከተበላችሁ ተመለሱ። ማጭበርበር ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ አንድ ሙሉ ማታ በሐቅ ተጫውቼ ገንዘቤን አስበልቼ ነው እዚህ የደረስኩት።