ውጭ አገር ላለች የልጅ ልጅ ቀሚስ ስትሰፉ

ባሕር ዳር ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጉ ቢባል ያደክማል። ልጅ እዚያ ካለ የልጅ ልጅም አለ። የልጅ ልጅ ካለ ደግሞ ጥምቀት ሲቃረብ ነጭ ቀሚስ ይላካል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ተብሎ የለ! ችግሩ ቀሚሱ ሲደርስ ነው። ልጅቷ አድጋለች። ደረቱ አልዘጋ ይላል፣ እጅጌው ክንዷ ላይ ይቀራል። ለፎቶ ያህል ትለብሰውና ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ያ ሁሉ ፈትል፣ ያ ሁሉ ጥለት!

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ነው የሠራሁት። ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተቋቋመ ነው፤ ከሰፈራችን ሴቶች ብዙዎቹ እዚያ አልፈዋል። አሁን ሽምብጥ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በእግር ሲንጀሬ እሰፋለሁ። መብራት ሄደ መጣ ግድ የለኝም። ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሴትና ወንድ ልጆች አሏት፣ ሴቷ ሰባት ዓመቷ ነው።

ለእሷ ስሰፋ የምከተለው አንድ ሕግ ነው። ቀሚሱ የዛሬ ልኳን ብቻ ይዞ አይሄድም። የሚለቀቅ ጨርቅ በውስጡ ይዞ ይሄዳል። ልጄ የስፌት መኪና የላትም፣ ስለዚህ በትንሽ መቀስና በመርፌ ብቻ መልቀቅ መቻል አለባት። ልብስ የሚያስተካክሉ ሰዎች እዚያም አሉ፣ ግን የሚያስከፍሉትን ስትነግረኝ አዲስ መስፋት ይሻላል አልኩ።

ልኩን በስልክ መውሰድ

"ስንት ቁጥር ነው የምትለብሰው?" ብላችሁ አትጠይቁ። የሱቅ ቁጥር ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ይልቅ በደንብ የሚሆናትን ካናቴራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ሜትሩን ከላዩ አጋድማ ፎቶ ትላክላችሁ። ከብብት እስከ ብብት ያለውን በሁለት ስታባዙ የደረቱን ዙሪያ ታገኛላችሁ። ልጅቷን ራሷን መለካትም ይቻላል፣ ግን የሰባት ዓመት ልጅ አትቆምም። ከቆመችም ሆዷን ትነፋለች።

ሜትር ሁለት ፊት አለው። አሜሪካ ያለ ሰው የሚያነበው የኢንቹን ፊት ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጃችሁ "24" ካለቻችሁ "በየትኛው በኩል?" በሏት። 24 ኢንች 61 ሴንቲ ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ደረት ነው። 24 ሴንቲ ግን የአሻንጉሊት ነው። ቤቷ ጨርሶ ሜትር ከሌለ ክር ይበቃል። ክሩን በደረቷ ዙሪያ አዙራ ምልክት ታድርግበትና በማተሚያ ወረቀት ትለካው። የአሜሪካው ወረቀት ቁመቱ 27.9 ሴንቲ ነው። እኛ ጋ ያለው ኤ 4 ደግሞ 29.7 ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ።

የምትጠይቋት ልክ እነዚህ ናቸው፦ የደረት ዙሪያ፣ ከትከሻ እስከ ትከሻ፣ የእጅጌ ቁመት፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት። የራስ ዙሪያንም ጨምሩ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። የዚህ ዕድሜ ልጅ ራስ ከ50 ሴንቲ በላይ ነው። አንገቱ ጠቦ የተሰፋ ቀሚስ የቱንም ያህል ቢያምር በጆሮዋ አያልፍም።

የምትደውሉበት ሰዓትም ወሳኝ ነው። ከቨርጂኒያ ጋር በክረምታቸው የ8 ሰዓት፣ በበጋቸው የ7 ሰዓት ልዩነት አለን። እኔ በክረምታቸው የምደውለው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። እዚያ ገና ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ከነፒጃማቸው ናቸው፣ እናትየውም ቡናዋን ይዛለች። በሥራ ቀን ከደወላችሁ የምታገኙት የችኮላ ቁጥር ነው።

ጨርቁ

ጨርቅ የምገዛው ቅዳሜ ገበያ ነው። በጠዋት ሂዱና ሸማውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነው ለልጅ ይስማማል፤ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። የሚያብለጨልጨውን ተጠንቀቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር አለበት። መለያው ቀላል ነው። አንድ ክር መዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ብን የሚል አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሠራል። ይህን ባለሱቁ ፊት አታድርጉት ታዲያ፣ ቁራጭ ክር ለምናችሁ ቤት ሞክሩት።

የጥለቱን ቀለምም ፈትኑ። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጉና ያዙት። ቀለም ከነካው ተዉት። ጨውና ኮምጣጤ ያስይዘዋል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በነጭ ቀሚስ አልወራረድም። ወርቃማ ዘቦ ያለበት ጥለት ዓይን ይስባል፣ ነገር ግን የልጅ ቆዳ ይኮሰኩሳል። ደረቱ ላይ ካዋላችሁት ገበር የግድ ነው።

ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ሸማ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ቤታችሁ ይሰብሰብ እንጂ ቨርጂኒያ ሄዶ አይሰብሰብ። በክረምት ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም። ሳይደርቅ የታጠፈ ነጭ ደግሞ ይሸታል፣ ነጠብጣብም ያወጣል። ስለዚህ ሥራውን ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ ስትመለስ ጀምሩት።

አቆራረጡ

ልጆች ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ እስከ አሥር ዓመት ገደማ በዓመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ያድጋሉ። ከዚህ ብዙው የሚጨመረው እግር ላይ ነው። ደረት ቀስ ብሎ ነው የሚሰፋው። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ቀሚሱን በሙሉ አስፍቶ መስፋት አያዋጣም፤ ልጅቷ ጆንያ ውስጥ የገባች ትመስላለች። ትርፉ ከታች ይቀመጥ።

የደረቷ ዙሪያ 60 ከሆነ 10 ጨምሩበት። ይበዛል ትሉ ይሆናል። ግን ጥምቀት እዚያ በክረምት እምብርት ነው የሚውለው። ቨርጂኒያ በዚያ ወቅት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ከቀሚሱ ሥር ሹራብ መልበሷ አይቀርም። ብብቱንና እጅጌውንም በዚሁ ሒሳብ ፈታ አድርጉት። 70 ሆነ እንግዲህ፤ ፊቱ 35፣ ጀርባው 35። በሁለቱም ጎን 3 ሴንቲ የስፌት ቦታ ተዉ፣ እያንዳንዱ 41 ይሆናል። ኋላ ከየጠርዙ 2 ሴንቲ ቢለቀቅ ጠርዙ አራት ስለሆነ ዙሪያው በ8 ሴንቲ ይሰፋል።

አንገቱን ከኋላ ሰንጥቃችሁ በቁልፍ ዝጉት። ሲከፈት ከራሷ ዙሪያ በ4 ሴንቲ ያህል ይብለጥ። ዚፕ አልወድም፤ ሸማ ለስላሳ ነው፣ ዚፕ ያጎብጠዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቁመቱ። በሌላ ልብስ ቢሆን የታችኛውን እጥፋት ሰፋ አድርጋችሁ ትተዉ ነበር። የሐበሻ ቀሚስ ግን ጥለቱ ታች ነው፣ አይታጠፍም። ስለዚህ ትርፉን የምደብቀው ከጥለቱ በላይ ነው። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት 70 ሴንቲ ብትሆን የምቆርጠው 84 ነው፤ 12ቱ ለሁለት እጥፋት፣ 2ቱ ከወገብ ጋር ለሚሰፋበት። ከጥለቱ አራት ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ ጨርቁን ወደ ውስጥ እጠፉና ከእጥፋቱ ጫፍ 3 ሴንቲ ገባ ብላችሁ ዙሪያውን ስፉ። አንዱ እጥፋት 6 ሴንቲ ይበላል። ሁለተኛውን ከእሱ በላይ እንዲሁ አድርጉ፣ እንዳይደራረቡ ብቻ በመካከላቸው ቦታ ይኑር። ከውጭ ሲታይ ሁለት ቀጫጭን መስመር ነው፣ እንዲያውም ጌጥ ይመስላል።

ይህን እጥፋት በመኪናው ረጅሙ ስፌት ስፉት፣ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሌላው ስፌት 2.5 ይሁን። ክሩም ይለይ። እኔ ለእጥፋቱ ሐመር ቢጫ ክር ነው የምጠቀመው። ልጄ "የቱን ልፍታ?" ስትለኝ "ቢጫውን" ብዬ እገላገላለሁ። የእጅጌውን ጫፍ ደግሞ 5 ሴንቲ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በእጅ ዘምዝሙት።

ወገቡን ሽንሽን አድርጉት። ልጅቷ ስታድግ የወገቡ ስፌት ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም፣ ግን መቀነት ስትታጠቅ አይታወቅም። መቀነቱን ከዚያው ጥለት አብራችሁ ስፉላት።

ሸማ ጠርዙ ይተረተራል። ኦቨርሎክ፣ ማለትም ጠርዝ የሚዘመዝም መኪና፣ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ ማስዞር ይቻላል። እኔ የትከሻውንና የወገቡን ስፌት ሁለት ጊዜ እሰፋዋለሁ፦ መጀመሪያ በውጭ በኩል ጠበብ አድርጌ፣ ከዚያ ገልብጬ ጠርዙ ውስጥ እንዲቀበር። የጎኑን ስፌት ግን እንዲህ አታድርጉት፣ በኋላ ለመልቀቅ ያስቸግራል። እሱን በእጅ መዘምዘም ነው። መርፌው ቀጭን ይሁን፣ ቁጥር 11። ወፍራም መርፌ ሸማ ላይ ቀዳዳ ይተዋል።

መልቀቁን በቪዲዮ ማስተማር

ዓመት ሲሞላ አንዱ እጥፋት ይፈታል። ልጄ በፊት መርፌ ይዛ አታውቅም። "እማዬ፣ እቀደዋለሁ" ትለኝ ነበር። ዘዴው ስልኩን በእጅ አለመያዝ ነው። ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ደርድራ ስልኩን ጫፉ ላይ ታስተኛዋለች፣ ካሜራው ቁልቁል እጇን ያያል። ከቢጫው ክር አንዱን በመቀስ ቆረጥ፣ ጥቂት ስፌት ዘሎ ሌላውን ቆረጥ፤ ከዚያ መሳብ ነው፣ ይመጣል። የእጥፋቱ መስመር ይቀራል ብላችሁ አትስጉ። እርጥብ ጨርቅ አንጥፋችሁ ከላይ ካውያ ብታሳርፉበት ጥጥ ነውና ይለቃል። ዘቦ ያለበትን ግን ከጀርባው ብቻ ተኩሱ፣ ሙቀቱም ዝቅ ይበል።

ክሩን የምትስበው አሁን የልጅ ልጄ ናት። ለእሷ ጨዋታ ነው። ከዚያ "ሌላስ?" አለች። አሮጌ ነጠላ ከእናቷ ቁምሳጥን አስወጥቼ ለአሻንጉሊቷ ትራስ አሰፋኋት። ዓይነ ሰፊ መርፌ፣ ወፍራም ቀይ ክር፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። አማርኛዋ እንግሊዝኛ ይበዛበታል። መርፌ ስትይዝ ግን "ሳቢ"፣ "አጥብቂ"፣ "ቋጥሪ" ስላት ገብቷት ነው የምትሠራው። ጣቷን ከወጋት "ወይኔ" ማለትንም ከእኔ ነው የወሰደችው።

መላኩ

ቀሚሱን አትጠፉት፣ ጠቅልሉት። መጀመሪያ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ከዚያ በፕላስቲክ። ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በአንድ ሻንጣ ከሆነ ፕላስቲኩ ሁለት ይሁን። የመንገደኛ ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት። የሰው ልጅ ደግሞ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ካገኘ በርበሬውን መቼ ይቀንሳል! ቀሚስ ቀላል ስለሆነ ማንም እምቢ አይላችሁም፤ ቀድማችሁ ብቻ ንገሩ። ለጥምቀት እንዲደርስ ኅዳር ላይ ጨርሱት።

የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ፣ አንድ ቁልፍ ትርፍና ከቢጫውም ከነጩም ክር በካርቶን ላይ ጠቅልላችሁ አብራችሁ ላኩ። እዚያ ያንን ነጭ የሚመስል ነጭ ማግኘት ይከብዳል።

ለወንዱ ብዙ አትጨነቁ። ሱሪው ላስቲክ ይሁን፣ እግሩ ጫፍ 6 ሴንቲ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ሸሚዙ አንገቱና ደረቱ ላይ ጥልፍ ካለው ይበቃል። ጭቃ ላይ ስለሚንከባለል ውድ ጥለት አታባክኑበት።

መጨረሻ ላይ ወረቀት ጽፋችሁ አንገቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያይዙ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ "በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ እጠቢው። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ እንዳታስገቢው፣ የእህትሽ ልጅ ልክ ይሆናል። ቢጫውን ክር ሳትነግሪኝ አትንኪ።"