ከሳር፣ ከአሸዋና ከዛፍ ሥር፦ በጎልፍ ጌም ኳስ ስናወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

በጎልፍ ጌም ኳሷ ከመስመር መውጣቷ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ቀጥሎ የምንመታት ምት ናት። ኳሷ ዛፎቹ መሀል ትገባለች፣ እንናደዳለን፣ ያጣነውን ባንዴ ለማስመለስ በቀጥታ ቀዳዳው ላይ የተተከለው ባንዲራ ላይ እናነጣጥራለን።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው። ፓር 4 (በአራት ምት እንዲያልቅ የታሰበ ሜዳ) ላይ ናችሁ እንበል። ሁለተኛውን ምት ወደ ጎን፣ ወደ ፌርዌዩ (ሳሩ አጭር የሆነው ዋናው መስመር) ብትመልሱት፣ በሦስተኛው ግሪን (ቀዳዳው ያለበት ለስላሳ ሜዳ) ላይ ትደርሳላችሁ። በሁለት ፓት (ኳሷን ወደ ቀዳዳው የሚያንከባልል ምት) በድምሩ 5 ይሆናል። በቅርንጫፎቹ መሀል ላሳልፍ ብላችሁ ግንድ ብትመቱ ግን አንድ ምት ባከነ፣ ኳሷም እዚያው ናት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ቢሳካላችሁ እንኳ 6 ነው።

ሌላው፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን በመቶኛ ሳያዩ መምታት ነው። ብዙ ጌሞች ኳሷ ካረፈችበት ቦታ ሲመታ ከሙሉ ምቱ ስንት በመቶው እንደሚገኝ በቁጥር ያሳያሉ። ኳሷ ወፍራም ሳር ውስጥ ናት እንበል። ባንዲራው 140 ሜትር ላይ ነው፤ የ7 ቁጥር አይረናችሁ (ራሱ ብረት የሆነ ዱላ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ርቀቱ ይጨምራል) ሙሉ ምት 150 ሜትር ነው። በቂ ይመስላል። ቁጥሩ ግን ከ75 እስከ 85 በመቶ ይላል። ስለዚህ ኳሷ የምትሄደው ከ112 እስከ 127 ሜትር ገደማ ነው። ከግሪኑ ፊት ውሃ ካለ አለቀ! «እንግዲያው 5 ቁጥር ልያዝ» ማለትም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ረጅም አይረን ኳሷን ዝቅ አድርጎ ስለሚያወጣት ወፍራም ሳር ይይዛታል። እኔ ብሆን በዌጅ (ኳሷን ከፍ አድርጎ በአጭር ርቀት የሚጥል ዱላ) ከውሃው በፊት አሳርፋታለሁ። ደግሞ ከሳር የወጣች ኳስ ስፒን (የኋሊት መሽከርከር) ስለሚያንሳት ካረፈች በኋላ ትሮጣለች። ከባንዲራው በፊት እንድታርፍ አስቡላት።

አሸዋ ላይ ሁለት ዓይነት ጣጣ አለ። ግሪኑ አጠገብ ከሆናችሁ ስፕላሽ የሚለውን ምት ምረጡ። ዱላው ከኳሷ በስተኋላ ያለውን አሸዋ ነው የሚመታው፤ ስለዚህ ኃይል አትሰስቱ። ፌርዌይ ዳር ያለ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ከሆነ ግን ርቀቱን ተዉትና መጀመሪያ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ የፊቱን ጠርዝ እዩ። 3 ቁጥር ዉድ (ለረጅም ርቀት የሚሆን ዱላ) ይዞ ጠርዙን መምታትና ኳሷ ተመልሳ እግር ሥር ስትቆም ማየት በጣም ያበሽቃል። ኳሷን ከፍ የሚያደርጋትን 8 ወይም 9 ቁጥር አይረን ያዙ።

ዛፍ ሥር ስትሆኑ ፍሎፕ (ኳሷን በጣም ከፍ የሚያደርግ ምት) አያምራችሁ። ፓንች የሚባለውን ምት ምረጡ፤ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፣ መሬት ላይም ብዙ ይሮጣል። ስለዚህ ኃይሉን ቀንሱ፤ አለዚያ ፌርዌዩን አቋርጦ ማዶ ያለው ሳር ውስጥ ይገባል።

ተዳፋትንም አትርሱ። በቀኝ እጅ ለሚመታ ተጫዋች፣ ኳሷ ከእግሩ ከፍ ካለች ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ዝቅ ካለች ወደ ቀኝ። ሽቅብ ስትመቱ ከፍ ብላ ታጥራለች፤ ቁልቁል ሲሆን ዝቅ ብላ ትሮጣለች።

ምንም መውጫ ከሌለስ? በጎልፍ ሕግ አንድ የቅጣት ምት ወስዳችሁ፣ ወደ ቀዳዳው ሳትጠጉ፣ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ ኳሷን መጣል ትችላላችሁ። ጌማችሁ ይህን ምርጫ ካቀረበላችሁ አትፈሩት። ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከመደብደብ በአንድ ቅጣት መውጣት ይሻላል።