የድሮ የጭቃ ቤት ሳይፈርስ እንዴት ይታደሳል? ከፈቃዱ እስከ ቋሚው እግር

ከአያቴ የወረስነው ቤት ጅማ፣ ሂርማታ ነው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ በእንጨት ደረጃ የሚወጣባቸው ሁለት ክፍሎችና ሰገነት። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ለዓመታት ተዘግቶ ከርሞ ስንከፍተው ያየው ሁሉ «አፍርስና ብሎኬት ሥራበት» አለኝ። አላፈረስኩም። በመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ከማፍረስ የማይተናነስ ጥፋት ሠርቻለሁ፤ ከታች እመጣበታለሁ።

1. ሚስማር ከመንቀላችሁ በፊት

መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ አረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ብዙ የድሮ ሱቆች በመንግሥት እጅ ገብተዋል። ተከራይ ከሆናችሁ ፈቃዱን የሚጠይቀው ባለቤቱ አካል ነው፤ እናንተ ያወጣችሁት ገንዘብ ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል።

ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል ወይ? ከተመዘገበ በቅርስ አዋጁ (209/1992) መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ጥገና መጀመር አይቻልም። ስለዚህ ከከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጀምሩ፤ ወደ ላይ የሚመሯችሁ እነሱ ናቸው። ሁለተኛ፣ በከተማው ፕላን ቤቱ ወይም በረንዳው መንገድ ይነካዋል ወይ? ይህን ሳይጠይቅ በረንዳውን አሳምሮ የጨረሰ ጎረቤት አለኝ፤ የመንገድ ቀያሽ መጥቶ ቀይ ምልክት የቀባው ገና ቫርኒሹ ሳይደርቅ ነው። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ማመልከቻ ላይ ቃል ይገድላል። እኔ «ቤቱን ለማደስ» ብዬ ብጽፍ እንደ አዲስ ግንባታ ተቆጥሮብኝ ሙሉ ፕላን አምጣ ተባልኩ። መልሼ «ስምንት ቋሚዎች ከታች ይጠገናሉ፣ የፈረሰው ምርጊት በጭቃ ይመለሳል፣ ቁመቱና ስፋቱ አይለወጥም» ብዬ በዝርዝር ስጽፍ ነው የተንቀሳቀሰው። የአራቱንም ጎን፣ የበርና የመስኮቱን ፎቶ አያይዙ። በኋላ «ይህ ድሮ አልነበረም» የሚል ቢመጣ ከወረቀት ይልቅ የሚያድናችሁ ፎቶው ነው።

2. ጣሪያው

ከግድግዳ በፊት ጣሪያ። ሥራውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ጨርሱት፤ የጅማ ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። የድሮው ቆርቆሮ ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ አትጣሉት፤ ፍቁና አንቲረስት ቀቡት። ዛሬ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው 35 ጌጅ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ወረቀት ነው። መግዛት ግድ ከሆነ 28 ግዙ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። አሸንዳ ሳይሰቅሉ ግድግዳ መንካት ደግሞ ገንዘብ መድፋት ነው፤ ቤቱን ከታች የሚበላው ከጣሪያ ወርዶ መሬት ነጥሮ የሚረጨው ውሃ ነው።

3. የቋሚው እግር

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ዓመት ግድግዳው ከታች ሲረግፍ አይቼ ጉልበት ድረስ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። አማረ። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ልስኑ አብጦ እንደ ቅርፊት ተላቀቀ፣ ከኋላው ያለው እንጨት ደግሞ በጣት የሚፈረፈር ሆኖ ነበር። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲለጠፍበት የገባው እርጥበት መውጫ ያጣና እንጨቱ ላይ ይተኛል። የበሰበሰ እንጨት ደግሞ ለምስጥ ድግስ ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት ካላችሁ መጀመሪያ ሲሚንቶውን አራግፉት።

ከዚያ እያንዳንዱን ቋሚ በመዶሻ እጀታ ምቱ። ጤነኛው ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ድረስ በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት፤ ብስባሹ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው። ስለዚህ ሙሉ ቋሚ መቀየር አያስፈልግም፣ እግሩን ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቋሚው ግራና ቀኝ ወራጁን (ቋሚው ላይ የተጋደመውን እንጨት) የሚሸከሙ ሁለት ወፍራም ድጋፎች አቁሙ፤ ሥራቸው እንዳይሰምጥ ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ። በአንደኛው ድጋፍ ሥር የጭነት መኪና ክሪክ አስገቡ። ክሪኩን የምታነሡት ቋሚው ከሸክሙ እስኪላቀቅ ብቻ ነው፤ ከላይ በወራጁና በቋሚው መካከል ወረቀት ከገባ በቂ ነው፣ አቁሙ። እኔ የዘመመውን ላቃና ብዬ ሦስት ጣት አነሣሁት። ፎቅ ላይ ያለው መስኮት መስታወቱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፣ የአንድ ክፍል ምርጊትም ሙሉ በሙሉ ወለሉ ላይ ወረደ። ሽማግሌው አናጺ ቆሞ አየኝና «ልጄ፣ የተቀመጠ ሽማግሌ ክንዱን ስበህ ታስነሣለህ?» አለኝ። ቤቱ ከዘመመ ሁሉም ነገር አብሮት ዘምሞ ተላምዷል፤ በቱንቢ ለማቃናት አትሞክሩ፣ ባለበት አጽኑት።

ብስባሹን ጤነኛ እንጨት እስክታገኙ ቆርጣችሁ አውጡ። አዲሱን እግር ከአሮጌው ጋር ግማሽ በግማሽ አነባብሩት፤ የመነባበሪያው ርዝመት ከቋሚው ውፍረት ሦስት እጥፍ እንዳያንስ፣ በሁለት ብሎን ይታሰር። ሚስማር እዚህ ላይ አይሠራም። እግሩን መሬት ውስጥ አትቅበሩት፤ ከመሬት ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። እንጨቱ ከተገኘ ከፈረሰ ቤት የወጣ ጥድ ይሁን። ምስጥ ጥድ ብዙም አይወድም፣ ያልታከመ ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ያልቃል። የተቃጠለ ዘይት ቀቡ የሚሏችሁ ይኖራሉ፤ ጭቃ የሚነካው ቦታ ላይ ከቀባችሁት ጭቃው አይይዝላችሁም፣ ኖራውም ላይ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

በአንድ ቀን አንድ ቋሚ። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት አትንኩ፤ አንዱን ሥሩና አንዱን ዝለሉ። ስምንቱ እኔን ሦስት ሳምንት ፈጅተውብኛል።

4. ጭቃውና ኖራው

አፈሩን ከድንጋይና ከሥር አጥሩ፣ የጤፍ ጭድ ጨምሩ፣ በእግር አቡኩት። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ውሃ እያጠጣችሁና እየረገጣችሁ አሰንብቱት፤ ሲሸት ደርሷል። ሠራተኛ ቸኩሎ በማግስቱ ልለጥፍ ካለ እንቢ በሉ፣ ይሰነጠቃል። ድርብርቡ ስስ ይሁን፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይጫን። በላዩ ኖራ ቀቡ፤ ስትቀቡ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ያቃጥላል። የፕላስቲክ ቀለም የሲሚንቶው ታናሽ ወንድም ነው፣ ተዉት።

5. በርና መስኮት

የድሮውን የእንጨት በር በአሉሚኒየም መቀየር ፈቃዱንም ሊያሰናክል ይችላል፣ ቤቱንም ያስጠላል። ጅማ በአናጺ አትታማም፤ የጎደለ ቁራጭ በዋንዛ አስተካክሎ የሚሠራላችሁ ታገኛላችሁ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ግን ከነማከፋፈያው አስቀይሩት፤ በእንጨት ቤት ውስጥ ያረጀ ሽቦ ትቶ መተኛት የለም።

በሩ ሐምሌ ላይ አብጦ አልዘጋ ቢል አታስልጉት። እኔ አስላግቼው፣ ኅዳር ላይ እንጨቱ ሲደርቅ በጎኑ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። አሁንም በጨርቅ ወትፌው ነው የምተኛው።